ቡና በመስኮቴ ሥር፦ ስለ ብርሃን ልክ አጭር የታሪክ ማስታወሻ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ምርጫም፣ ድርድርም፣ ጦርነትም አይደለም። በምኖርበት በስቶክሆልም ከተማ፣ ከሳሎኔ መስኮት ሥር የተቀመጠ አንድ የቡና ተክል ነው። ‹‹አገር በዚህን ያህል ጉዳይ ተወጥራ ሳለ ይህ ሰው ስለ ማሰሮ ተክል ሊያወራን ነው እንዴ?›› የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ጥቂት ብትታገሡኝ፣ የአንድ ተክል የብርሃን ልክ ስለ አውሮፓ ታሪክም ሆነ ስለ እኛ ስለ ራሳችን የሚነግረን ነገር እንዳለ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሜይ ወር መጨረሻ፣ ከአንድ ስዊድናዊ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሱፐርማርኬት ገብተን ሳለ፣ ከአበባው መደርደሪያ ላይ በትናንሽ የፕላስቲክ ማሰሮዎች የተተከሉ፣ ቅጠላቸው የሚያብረቀርቅ ችግኞች ዐይኔን ያዙት። የተለጠፈባቸው ወረቀት ‹‹ኮፊያ አራቢካ፣ የቤት ውስጥ ተክል›› ይላል። እዚያው ቆሜ ለባልደረባዬ ሰፊ ንግግር አደረግኩለት። የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ መሆኑን፣ ‹‹አራቢካ›› የሚለው ስም በስሕተት የተሰጠው መሆኑን፣ ዓለም ጠዋት ጠዋት ዐይኑን የሚገልጠው በእኛ ቡና መሆኑን ሁሉ ዘረዘርኩለት። ሰውየው በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ አንዲት ቀላል ጥያቄ ጠየቀኝ። ‹‹ታዲያ የት ነው የሚቀመጠው? ፀሐይ ላይ ነው ወይስ ጥላ ውስጥ?›› እኔም ሳላመነታ ‹‹የሐሩር አገር ተክል አይደል? ፀሐይ ላይ ነዋ!›› አልኩት።

ችግኙን ገዝቼ ወደ ደቡብ በሚያየው መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። ስቶክሆልም በጁን ወር ፀሐይዋ ከ18 ሰዓት በላይ ሳትጠልቅ የምትቆይበት ከተማ ናት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያ የሚያብረቀርቅ ቅጠል መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ በመጨረሻም መሐሉ ላይ እሳት እንደ ነካው ወረቀት ቡናማ ምልክት አወጣ። ውኃ ያነሰው መስሎኝ ውኃ ጨመርኩ፤ የባሰ ሆነ። ደንግጬ ከመስኮቱ አራት ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የመጻሕፍት መደርደሪያ አጠገብ ወሰድኩት። እዚያ ለጊዜው ያገገመ መሰለ። ዲሴምበር ሲመጣ ግን፣ የቀኑ ብርሃን ወደ ስድስት ሰዓት በሚያጥርበትና ፀሐይ በቀትር እንኳ ከጣራዎቹ ከፍ በማትልበት ጊዜ፣ ግንዱ እንደ ሸምበቆ ቀጥኖ ወደ መስኮቱ አጎነበሰ፤ የታችኛው ቅጠሉም አንድ በአንድ ረገፈ።

በሚቀጥለው ዓመት ከፋሲካ በኋላ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። እናቴ ያደገችው ጅማ አካባቢ፣ አጋሮ፣ ቡና መካከል ነው። ሻንጣዋ ሳይከፈት ተክሉን አየችው። ‹‹ይኼን ምን አድርገኸው ነው?›› አለችኝ። ፀሐይ ላይ አድርጌው እንደ ነበረ፣ ከዚያም ከፀሐይ እንዳራቅኩት ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ‹‹ልጄ፣ ቡና ራቁቱን ፀሐይ ላይ አይቆምም። ጨለማ ውስጥም አይቀመጥም። ጥላ ስጠው እንጂ ጉድጓድ ውስጥ ክተተው ማን አለህ?›› በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ የፀሐይዋን አካሄድ ስትከታተል ዋለች፤ ጠዋት የት እንደምታርፍ፣ ከሰዓት በኋላ የት እንደምትደርስ። ከዚያም ማሰሮውን ከመስኮቱ አንድ እርምጃ ያህል ፈቀቅ አድርጋ አስቀመጠችና ካመጣቻቸው ነጠላዎች አንዱን በመስኮቱ ላይ ሰቀለችው። ብርሃኑ በነጠላው ውስጥ ተጣርቶ ለስለስ ብሎ ገባ። ‹‹ይኸውልህ ዋንዛው›› አለችኝ እየሳቀች።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ እፍረት ነው። ስለ ቡና የትውልድ አገር ንግግር የማደርግ ሰው ቡና በምን ብርሃን እንደሚኖር አላውቅም ነበር። እፍረቱ ወደ መጻሕፍት ወሰደኝ። እዚያ ያገኘሁት ታሪክ ደግሞ በመጠኑም ቢሆን አጽናናኝ። ለካ እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ የሠራሁትን ስሕተት አውሮፓ ከ150 ዓመት በላይ ፈጅታ ሠርታዋለች!

እንደሚታወቀው ቡና ከኢትዮጵያ ደኖች ወደ የመን ተሻግሮ በተራራ እርከኖች ላይ ሲለማ ቆይቷል። ከዚያ ወደ ሕንድ፣ ከሕንድም በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሆላንዶች እጅ ወደ ጃቫ ደሴት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1706 ከጃቫ አንድ የቡና ተክል አምስተርዳም ወደሚገኘው የእጽዋት ማሳደጊያ ደረሰ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1714 የአምስተርዳም ከተማ ሹማምንት ከዚያ የተገኘ አንድ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ሰጡ፤ ተክሉም ፓሪስ ወደሚገኘው የንጉሡ የእጽዋት ማሳደጊያ ተወሰደ። የእጽዋት ሊቁ አንትዋን ደ ጁስዩ አበባውን አይቶ ከጃስሚን ወገን መደበው። ቡና እንግዲህ በአውሮፓ ምድር ኑሮውን የጀመረው እንደ እርሻ ሰብል ሳይሆን ልክ እንደ እኔው ተክል በማሰሮ ውስጥ፣ ከጣራ ሥር፣ ከመስኮት አጠገብ ነው።

በዚያ ዘመን የሐሩር ተክሎች የሚቀመጡባቸው ቤቶች ምን ይመስሉ ነበር? አብዛኞቹ የግንብ ቤቶች ነበሩ። ጣራቸው ድፍን ነው፤ በስተ ደቡብ በኩል ብቻ ረጃጅም መስኮቶች አሏቸው። ውስጣቸው በምድጃ ይሞቃል። የአትክልተኞቹ ትልቁ ጭንቀት ብርድ ነበር። ‹‹ከሞቃት አገር የመጣ ተክል ሙቀት ካገኘ ይኖራል›› ብለው ያምኑ ነበርና እንጨትና ከሰል ሲያነዱ ያድራሉ፤ ብርሃኑን ግን እንደ ሁለተኛ ነገር ይቆጥሩት ነበር። ሞቅ ያለ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጥ ተክል ደግሞ ያለ ምግብ እንደሚሮጥ ሰው ነው። ሙቀቱ እደግ ይለዋል፤ የሚያድግበት ስንቅ ግን የለውም። ይህ ነው የእኔ የዲሴምበር ስሕተት። ራዲያተሩ ቤቱን ሲያሞቅ፣ ተክሉ በጨለማ ውስጥ ቀጥኖ እየተመዘዘ ነበር።

ብርሃን ለተክል ምኑ እንደ ሆነ በሙከራ የታወቀው ቡናው አምስተርዳም ከገባ ከ73 ዓመት በኋላ ነው። በ1779 ያን ኢንገንሃውስ የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም እንግሊዝ አገር ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ የተክል አረንጓዴ ክፍል አየርን የሚያጠራው የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ብቻ መሆኑን፣ በጨለማ ግን ይህን ማድረግ እንደማይችል አሳየ። ከእርሱ በፊት ጆሴፍ ፕሪስትሊ ተክል አየርን እንደሚያጠራ ደርሶበት ነበር፤ የፀሐይን ድርሻ ለይቶ ያወጣው ግን ኢንገንሃውስ ነው። ዛሬ ተማሪ ቤት ‹‹ብርሃን አስተፃምሮ›› ብለን የምንማረው ነገር መሠረቱ የተጣለው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ አውሮፓ ወደ ሌላው ጫፍ ሮጠች። የብረት ሥራ ሲያድግ ከታች እስከ ላይ መስታወት የለበሱ ቤቶች መሠራት ጀመሩ። በእንግሊዝ አገር በመስታወት ላይ የተጣለው ቀረጥ በ1845 ሲነሣ ደግሞ መስታወት ረከሰ። በ1848 የተጠናቀቀው፣ ለንደን አጠገብ ኪው በተባለው የእጽዋት ማሳደጊያ የሚገኘው ታላቁ የዘንባባ ቤት የዚያ ዘመን ምልክት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሰዎቹ ይህን ሁሉ መስታወት ካዘጋጁ በኋላ ‹‹ፀሐይዋ ተክሎቹን ብታቃጥልስ?›› የሚል ፍርሃት ያዛቸው። ሮበርት ሃንት የተባለውን ሳይንቲስት አማከሩ፤ እርሱም አረንጓዴ ቀለም ያለው መስታወት እንዲገጠም መከረ። የዘንባባው ቤት አረንጓዴ መስታወት ለበሰ። ዛሬ እንደምናውቀው ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ የሚታየን፣ ከብርሃን ቀለማት መካከል አረንጓዴውን ከሌሎቹ ይበልጥ ስለሚመልሰው ነው። እንግዲህ ለተክሎቹ በብዛት የተፈቀደላቸው ያው ብዙም የማይመኙት ብርሃን ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ የለንደን ጭስ ተጨመረበት። መስታወቱ በግልጽ መስታወት የተተካው በ1890ዎቹ ነው።

በመሐል ደግሞ የተራው ሰው ሳሎን አለ። ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም በ1829 በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ የፈርን ቡቃያ ሳይታሰብ በቅሎ አገኘ። ከዚያ ተነሥቶ የሠራው የመስታወት ሣጥን ተክሎችን በመርከብ ከአገር አገር ለማጓጓዝ ዋናው መሣሪያ ሆነ፤ በየሳሎኑም ጌጥ ሆኖ ገባ። ከእርሱ 100 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ጋብርኤል ደ ክልዩ የተባለው የፈረንሳይ መኮንን ከፓሪስ የቡና ችግኝ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሲወስድ፣ መስታወት ባለው ሣጥን እንደ ተሸከመውና የሚጠጣውን ውኃ ሳይቀር እንዳካፈለው ይተረካል። በካሪቢያንና በመካከለኛው አሜሪካ ከተስፋፋው ቡና ብዙው ከዚህ ጠባብ ዘር የተገኘ ነው። የቡና ታሪክ መጻሕፍት የደ ክልዩን ውኃ አይረሱም። ቡናው ከመነሻው በማን ጥላ ሥር እንዳደገ ግን አንድ መስመር የሚጽፍ ጥቂት ነው።

ሊኔዎስም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ከቤቴ በባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ በሚደረስባት በኡፕሳላ ያስተማረው ይህ ታላቅ ሊቅ፣ በ1753 ባሳተመው መጽሐፉ ተክሉን ‹‹ኮፊያ አራቢካ›› ብሎ የሰየመው አገሩ ዐረብ መስሎት ነው። አልፈርድበትም፤ ያየው በእጁ የደረሰውን ነው። አንድ ተክል ከሚያውቁት ሰዎች ተነጥሎ ሲሄድ ስሙ ብቻ ሳይሆን ጠባዩም አብሮ ይጠፋል። ፍሬው ይጓዛል፣ ችግኙ ይጓዛል፤ ‹‹ይህን ያህል ብርሃን ስጡት›› የሚለው ቃል ግን ወደ ኋላ ይቀራል።

ቃሉ የቀረው የት ነው? በከፋ፣ በጅማ፣ በኢሉባቦር ደኖች ውስጥ ነው። ቡና በተፈጥሮው ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚኖር ዛፍ ነው። ቅጠሉ ከሙሉ ፀሐይ ሲሶ ያህሉን ብርሃን ሲያገኝ ይጠግባል፤ ከዚያ በላይ የሚመጣው ሸክም ነው። የአካባቢው ገበሬ ግን ደኑን እንዳለ ትቶ ፍሬ ብቻ የሚለቅም ሰው አይደለም። ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፤ ከላይ ያለውን ጥላ እያየ ያሳሳል፤ ዋንዛውን፣ ብርብራውን፣ ግራሩን መርጦ ያስቀራል። ጥላው ከበዛ ቡናው ፍሬ ይነሳዋል፤ ጥላው ከጠፋ ደግሞ ከዐቅሙ በላይ አፍርቶ ይደርቃል። ጌዴኦም እንሰቱን፣ ቡናውንና ዛፉን ደርቦ የሚያለማው በዚሁ ጥበብ ነው። ዩኔስኮ በ2010 የከፋንና የያዩን ደኖች በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት፣ በ2023 ደግሞ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የኪው ሊቃውንት በአረንጓዴ መስታወት ያጡትን ልክ እነዚህ ሰዎች በመጥረቢያና በዐይን አግኝተውት ነበር ማለት ነው።

እናቴ ከሁሉ ያስተማረችኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አያቴ ችግኝ ሲያፈሉ በመደቡ ላይ ዝቅ ያለ የሣር ዳስ ይሠሩ ነበር አለችኝ። ችግኙ ሊነቀል ሲደርስ ዳሱን በአንድ ቀን አያፈርሱትም። ዛሬ አንድ እፍኝ ሣር፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ እፍኝ እያሉ ያሳሱታል። የዚህን ምክንያት ዛሬ ሳይንስ ቁልጭ አድርጎ ይነግረናል። በጥላ ያደገ ቅጠል ሰፊና ስስ ነው፤ በፀሐይ ያደገው ጠበብ ያለና ወፍራም ነው። አንድ ጊዜ በጥላ ሆኖ የተሠራ ቅጠል በድንገት ወደ ፀሐይ ቢወጣ ይቃጠላል እንጂ የፀሐይ ቅጠል አይሆንም። ከአዲሱ ብርሃን ጋር የሚስማማው ከዚያ በኋላ የሚወጣው አዲሱ ቅጠል ነው። ‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› ማለት ይኸው ነው። እኔ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ የወሰድኩትን የጥላ ቅጠል በአንድ ቀን ለ18 ሰዓት ፀሐይ አጋልጬ ‹‹ምን ነካው?›› ስል ነበር።

ይህን ስሰማ ስለ እኛ ስለ ስደተኞቹ ማሰቤ አልቀረም። በሌላ አገር ብርሃን የወጣን ቅጠሎች ነን። ‹‹ለምን አልተለወጣችሁም?›› የሚሉን አሉ፤ ልጆቻችንን ደግሞ ‹‹ለምን እንደኛ አልሆናችሁም?›› የምንል እኛ አለን። ምሳሌውን ከዚህ በላይ አልለጥጠውም፤ ሰው ተክል አይደለምና።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። በማሰሮ ቡና ላላችሁ፣ ወይም ለምትገዙ፣ የደረስኩበትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዐይን ብርሃንን ለመለካት አይታመንም፤ ጨለማውንም ብርሃኑንም ለምዶ ያስተካክለዋልና። ሙሉ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከማታርፍበት መስኮት አጠገብ ጥቂት ሺህ ሉክስ ይገኛል፤ ሦስት አራት ሜትር ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ጥቂት መቶ ብቻ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይቀራል። ለእኛ ‹‹ብሩህ›› የሚመስለን ክፍል ለተክሉ ምሽት ነው። ስለዚህ በበጋ ከመስኮቱ ፈቀቅ አድርጎ በስስ መጋረጃ መከለል፣ በብርዱ ወራት መስኮቱ ድረስ ማስጠጋት፣ እንደ ስቶክሆልም ባለ አገር ደግሞ በኤል ኢ ዲ መብራት ቀኑን ወደ 12 ሰዓት ማድረስ ይበጃል። በከፋ የቀንና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቅጠሉ ከገረጣና ከተቃጠለ ብርሃኑ በዝቷል። ግንዱ ከቀጠነ፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ከሰፋና ተክሉ ካዘነበለ ብርሃኑ አንሷል። ማሰሮውን በየሳምንቱ ትንሽ ማዞር፣ ብርሃን ሲያንስ ውኃውንም መቀነስ፣ ቦታ ሲቀየር ደግሞ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ ማስለመድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከ2005 እስከ 2007 ድረስ በቡናችን የንግድ ስሞች ባለቤትነት ላይ በተነሣው ክርክር፣ በውጭ የምንኖር ብዙዎች ድምፃችንን አሰምተናል። ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ። ነገር ግን ‹‹ቡና የኛ ነው›› ማለትና ቡናን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ1970 በኋላ፣ የቡና ዝገት በሽታ ብራዚል ሲገባ፣ በላቲን አሜሪካ ብዙ አገሮች የጥላ ዛፎች እየተቆረጡ ቡናው ወደ ሙሉ ፀሐይ ወጣ። ምርት ጨመረ፤ ማዳበሪያውና የአፈሩ መሸርሸርም አብሮ ጨመረ። ዛሬ እዚያው ተመልሰው የጥላ ዛፍ የሚተክሉ ገበሬዎች አሉ። በእኛም አገር ደኑ በየጊዜው እየሳሳ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ የሚሄደው እንጨት ብቻ አይደለም፤ የብርሃኑ ልክም አብሮ ይሄዳል።

አውሮፓውያኑን ስተች፣ አንድ ነገር ልመሰክርላቸው ይገባል። ስሕተታቸውን ጽፈውታል። አረንጓዴው መስታወት መቼ እንደ ገባ፣ መቼ እንደ ወጣ፣ ማን እንደ መከረ እኔ ከስቶክሆልም ሆኜ ማንበብ የቻልኩት ለዚህ ነው። እነርሱ ስሕተታቸውን ሳይቀር ጻፉ፤ እኛ ትክክላችንን እንኳ አልጻፍንም። የጅማ የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ለአሥርት ዓመታት የደከሙበት ሥራ እንዳለ አይካድም፤ ክብር ይገባቸዋል። የአያቴ የሣር ዳስ ግን የተመዘገበው በእናቴ ራስ ውስጥ ብቻ ነበር። ‹‹በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል›› ይባል የለ?

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ወደ አጋሮ ስደውል ደብተር ይዤ ነው። የትኛው ዛፍ ጥላው ለቡና እንደሚስማማ፣ የትኛው እንደሚከብደው፣ በስንተኛው ዓመት እንደሚገረዝ እጠይቃታለሁ። ‹‹አንተ ደግሞ፣ በስተርጅናዬ ገበሬ ልታደርገኝ ነው እንዴ?›› ትለኛለች፤ ሆኖም ትመልስልኛለች። እስካሁን 40 ገጽ ደርሻለሁ። ያ ስዊድናዊ ባልደረባዬም ሰሞኑን ቤቴ መጥቶ ተክሉን አየው። አሁን ወገቤ ድረስ ደርሷል፤ ነጠላውም እንደ ተሰቀለ ነው። ‹‹ፀሐይ ላይ ነው ብለኸኝ አልነበረም?›› አለኝ። ‹‹ተሳስቼ ነበር፤ እናቴ አረመችኝ›› አልኩት።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ጋ ስለ አገራችን ተክል፣ እህል፣ ከብት ወይም ውኃ የሚያውቁ እናቶች፣ አባቶች፣ አክስቶችና አጎቶች አሉ። ስልኩ ዛሬ ርካሽ ነው። ለመከራከር የምናውለውን ጊዜ ሩቡን እንኳ ለመጠየቅና ለመጻፍ ብናውለው፣ ለልጆቻችን ከኩራት ያለፈ ነገር እናወርሳቸዋለን።

ቸር ይግጠመን።